ስፔን ናት ያልናት ምራት

ብራይላ፣ ጡብ ሰፈር
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2003

ለምራቴ ሳይሆን ለልጄ ለዛምቢላ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ሆስፒታል ለተኛ ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ሹፈት ይመስላል። ግን ሌላ አጀማመር አላውቅም፤ ፈትል ፋብሪካ ሳለሁ በማታው ትምህርት ያስተማሩን ይኼንኑ ብቻ ነው። ስለዚህ አንቺው እንደሚሻልሽ አድርገሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ስለ ልጅሽ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ናርቺሳ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትሳደባለች። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት ከየት እንዳመጣችው የማላውቀውን ስድብ ትናንት የትራሙ ሾፌር ላይ አወረደችበት። ከአባቷ ተምራ ነው እንዳልል ፋኔል ስፔን ብርቱካን ሊለቅም ከሄደ ድፍን ዓመት ሊሞላው ነው። ሰውየው ግን አልተቆጣም፤ "ይቺ የሳፍታ ልጅ ልጅ መሆን አለባት" ብሎ ሳቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ለሰፈሩ ምን እንዳልኩ ነው። ምን እላለሁ ታዲያ? ባሏ ጋ ስፔን ሄደች አልኩ። አትቆጪ። የዚያን በሽታ ስም ጠርቼ በሬ ላይ እንድለጥፈው ነው የፈለግሽው? የአንጥረኛውን ቤት አስታውሺ። ልጁ ደረቱን ታመመ በተባለ ማግስት ከቤታቸው ዳቦ የሚቀበል ሰው ጠፋ። ለሙታን መታሰቢያ ያዞሩትን ሳህን እንኳ ጎረቤት እያመሰገነ ተቀብሎ፣ በጓሮ በር ወጥቶ ለውሻ ሰጠው። እህትየውም ይኸው እስከ ዛሬ የሚጠይቃት አልመጣም። እኔ በሕይወቴ እያለሁ የአንቺ ሳህን ለውሻ አይሰጥም።

ችግሩ ሴቶቹ ናቸው። ውኃ ልቀዳ ስወርድ "ደብዳቤ ጻፈች?" ይሉኛል። ጻፈች እላለሁ፤ እሱስ እውነት ነው። "እስቲ አንብቢልን" ሲሉኝ ግን ላብ ያጠምቀኛል። ያንቺን ደብዳቤ አውጥቼ፣ "ሐኪሟ" ያልሽው ጋ "አሠሪዬ" እያልኩ፣ "ክኒን" ያልሽውን "ብርቱካን" እያልኩ አነበብኩላቸው። "ጠዋት በባዶ ሆዴ አንድ እፍኝ ብርቱካን እውጣለሁ" ካልኩ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማው። አንዷ "ሳታኝከው?" አለችኝ። የስፔን ብርቱካን ትንንሽ ነው አልኩ።

ጎረቤታችን ታንጻም ባልዲዋን ይዛ ቆማ ነበር። እንደማትሰማ ሆና ትሰማለች። እኔ እንኳ ፊቴን አላዞርኩላትም። በሠርግሽ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት "ሙሽራዋ ደረቷ የወፍ ደረት ነው" ካለች ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም፤ አንለዋወጥምም።

አንቺ ብቻ ብዪ፣ ተኚ፣ ዳኚ። ሌላውን ለእኔ ተዪልኝ።

አማትሽ ሳፍታ


የተራራው ሆስፒታል
ሴፕቴምበር 27 ቀን 2003

የማከብርዎት እማዬ፣

እጅዎን እስማለሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ ስለሳቅኩ ነርሷ መጥታ ትኩሳት ለካችኝ። እዚህ የሚስቅ ሰው አልለመዱም።

"ብዪ" ላሉኝ፦ ብዙ ያበሉናል። የበቆሎ ገንፎ በአይብ፣ ሾርባ፣ እንቁላል፣ እንደገና የበቆሎ ገንፎ። ፊቴ ሞላ ብሏል። ክኒኑ ግን ሽንትን ቀይ እንደሚያደርግ ማንም አልነገረኝም ነበር። መጀመሪያ ቀን ደም መስሎኝ ጮኼ ክፍሉን ሁሉ አሸበርኩት። አጠገቤ ያሉት አሮጊት ከአልጋቸው ቀና ሳይሉ "እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፣ አሁን ከእኛ አንዷ ሆንሽ" አሉኝ።

የሰፈሩን ወሬ በተመለከተ ምን እንደምልዎ አላውቅም። ለእኔ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ግን እዚህ የተማርኩትን ልንገርዎትና ራስዎ ይፍረዱ።

ሐኪሟ "ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ መታወቂያዬ ላይ ያለውን የልብስ ሰፊዋን የቪዮሪካን ቤት ሰጠኋት። ሌላ ምን አድራሻ አለኝ? ለጡብ ሰፈር ቤት መታወቂያ የሚሰጥ የለም፤ እርስዎም ቢሆኑ ወረቀት ላይ የሚኖሩት ፈትል ፋብሪካ አብራዎት የሠራች ሴት ቤት ነው። እና ምን ሆነ መሰለዎት? የሳንባ ክሊኒኩ ሰዎች ቪዮሪካ ቤት ሄደው፣ ምስኪኗን ከስፌት መኪናዋ አስነስተው ወስደው ደረቷን ፎቶ አነሷት። ነጻ ናት፤ ቤተሰቡ ነጻ ነው ተብሎ ተጻፈ። ቪዮሪካ ዓይኔን ካየች ስንት ጊዜዋ ነው! የእኛን በር ግን ያንኳኳ የለም። እኔ ስስልበት የከረምኩት ቤት፣ ናርቺሳ እቅፌ ውስጥ የተኛችበት ቤት ወረቀቱ ላይ የለም።

ደንግጬ እውነተኛውን ለሐኪሟ ነገርኳት። ወደ ብራይላ እጽፋለሁ አለችኝ፤ ግን መንገዱ ስም የለውም፣ ቤቱም ቁጥር የለውም፤ የት ብለው ይምጡ? ስለዚህ እማዬ፣ እባክዎን ራስዎ ናርቺሳን ይውሰዱልኝ። የታመመ ሰው ጎን የኖረ ትንሽ ልጅ በሽታው ሳይነሳበት የሚወስደው ክኒን አለ። በነጻ ነው። ዘግይቶ ከተነሳባት ግን ትንሽ ልጅን ከትልቅ ሰው ይልቅ እንደሚጎዳ ሐኪሟ ሳትደብቅ ነግራኛለች።

እርስዎም ይመርመሩ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎት፤ በበጋው የጀመረዎት ሳል ተወዎት?

ልጅዎ ዛምቢላ


ብራይላ
ኦክቶበር 9 ቀን 2003

ለልጄ ለዛምቢላ፣

ፊትሽ ሞላ ማለቱን ሰምቼ ደስታዬን አልችለውም። ፋኔል ሲመጣ ሌላ ሴት ዳራችሁኝ እንዳይል።

እዚህ ሁሉም ሰላም ነው። ቃሪያውን ጠብሼ በዘይት አስቀምጫለሁ። ናርቺሳ አዲስ ጨዋታ አምጥታለች፤ የበሩን ደጃፍ ትራም ታደርገውና "ትኬት!" እያለች ሰው አታሳልፍም። የሰፈሩን ትልቅ ወሬ ልንገርሽ፤ ታንጻ ሥራ ያዘች! ጤና አገናኝ ነው የሚሏት። ፎቶዋ ያለበት ወረቀት ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ለክትባት ልጅ ትሰበስባለች፣ እርጉዞችን ወደ ሐኪም ትነዳለች። በሬ ላይ ስትደርስ ቆማ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአጥሩ "የልጅቷ ክትባት ደርሷል" አለች። እኔም ለአጥሩ "ስፔን አስከትበናታል" አልኩት። ናርቺሳ ከትራም ማዶ ረግጣ የማታውቅ መሆኗ ትዝ ያለኝ ከሄደች በኋላ ነው። ይሁን፤ አጥሩ አልተከራከረኝም።

ስለ ክሊኒኩ ያልሽውን አስቤበታለሁ። ያንን ክሊኒክ ግን አንቺ አታውቂውም እኔ አውቀዋለሁ። ለወገቤ የሄድኩ ጊዜ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "ከየት ናችሁ?" ብላ ከጠየቀችኝ በኋላ "የጡብ ሰፈሮች በረንዳው ላይ ጠብቁ" አለች። ጠበቅን። በረንዳው ላይ ሆነን መስኮቱ ሲዘጋ አየን። ወገቤም ሳይታይ በራሱ ጊዜ ተወኝ። ለማንኛውም ብርዱ ሲቀል እንሄዳለን።

ናርቺሳን ምድጃው ጎን አስተኝቻታለሁ። እኔ በሩ አጠገብ ነኝ፤ በእርጅና ሙቀት አልወድም። የራሷ ኩባያና ማንኪያ አላት፣ ከእኔ ጋር አናቀላቅልም፤ ሥርዓት ከአሁኑ ትልመድ ብዬ ነው። ትራም ማቆሚያው ጋ የተቆላ ሱፍ መሸጡን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ቅርፊቱ ጉሮሮዬን ይቧጥጠኛል። ቀሚሴን ሁሉ አጠበብኩት። ከኋላ ያየኝ ኮረዳ ነው የሚለኝ፣ ከፊት ሲያየኝ ይቅርታ ይጠይቃል።

እንዳታስቢ። ስታስቢ ክኒኑ አይሠራም አሉ።

አማትሽ ሳፍታ


የተራራው ሆስፒታል
ኦክቶበር 17 ቀን 2003

የማከብርዎት እማዬ፣

እጅዎን እስማለሁ። ዛሬ ግን እየሳምኩ ልቆጣዎት ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የጠየቅኩዎትን አልመለሱልኝም። ደብዳቤዎ ረጅም ነው፣ ያስቃል፤ ያቺ አንዲት ጥያቄ ግን ውስጡ የለችም። ያልጠየቅኩዎትን ነው የመለሱልኝ። በጁላይ ሙቀት የሱፍ ካልሲ የሚያደርጉት ሴትዮ መቼ ነው ሙቀት የጠሉት? ለልጅ ሥርዓት ማስተማር ነው ኩባያ የሚያስለየው? ቀሚስ የሚጠበው ሰውነት ሲያልቅ ነው። እኔም በጸደይ ቀሚሴን አጥብቤ "አማረብኝ" ብዬዎት ነበር፤ ረስተውታል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እማዬ። እርስዎ ያውቃሉ። ባያውቁ ኖሮ ልጄን ከጎንዎ አያርቋትም ነበር።

ለእሷ ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ። ግን ቤታችን እኮ አንድ ክፍል ነው። በሩ አጠገብ የተሳለው ምድጃው ጋ አይደርስም? እዚህ ግድግዳው ላይ የሳል ሥዕል ሰቅለውልናል፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ እስከ የት እንደምትሄድ ያሳያል። ያንን ሥዕል እያየሁ ነው የምተኛው፤ እያየሁት ነው የምነቃው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስሰማ ያደግኩት ተረት ይመስለኝ ነበር። እኔ ሦስት ወቅት ደብቄ ይኸው አልጋ ላይ ነኝ። እርስዎ ሲደብቁ ግን የሚታመሙት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

በሚቀጥለው ሳምንት ያለው የቅዱስ ድሜጥሮስ በዓል እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ክሊኒክ እንደሄዳችሁ ካልሰማሁ ልብሴን ጠቅልዬ፣ ሐኪም ፈቀደ አልፈቀደ፣ እመጣለሁ። ናርቺሳን በጀርባዬ አዝዬ ራሴ እወስዳታለሁ።

ይኼንን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ ልል ነበር። ይቁጠሩብኝ። ግን ይሂዱ።

ዛምቢላ


ብራይላ
ኦክቶበር 23 ቀን 2003

ዛምቢላ፣

አዎ እስላለሁ። ደስ አለሽ? ቅርፊት አይደለም፣ ብርድም አይደለም። ጠዋት ጠዋት መሐረቤን የማጥበው ናርቺሳ ሳትነሳ ነው። ምን እንደማጥብ ታውቂዋለሽ፤ አንቺም ታጥቢው ነበር፤ እኔም እያየሁ ያላየሁ መስዬ አልፌሻለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ፤ እኔንም ይዘው አንቺ ጋ ካስተኙኝ ይቺን ልጅ ማን ይይዛታል? ፋኔል? ፋኔል እንኳን ለልጅ ለራሱም ደብዳቤ መጻፍ ያቃተው ሰው ነው። የመንግሥት ሰዎች መጥተው "አሳዳጊ የላትም" ብለው ይወስዷታል። ሲወስዱ ደግሞ ደግ ፊት ነው የሚያሳዩት፤ ከረሜላ ይዘው ነው የሚመጡት።

ከየት ታውቂያለሽ እንዳትይኝ። እኔ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያደግኩት። አንቺ አታውቂም፣ ፋኔልም አያውቅም፣ ሟቹ ባሌም ሳይሰማው ነው የሞተው። ማንም አልደበደበኝም፤ በልቻለሁ፣ ለብሻለሁ። ግን እዚያ ቤት ሕፃናት አያለቅሱም ነበር። ለምን መሰለሽ? ቢያለቅሱ የሚመጣ ሰው እንደሌለ ቶሎ ይገባቸዋል። ሳልማር የቀረሁትን ፊደል በማታ ትምህርት ተማርኩት፤ ማልቀስን ግን የተማርኩት ፋኔልን ከወለድኩ በኋላ ነው።

ናርቺሳ ገና ትጮኻለች። እንቅፋት ሲመታት ሰፈሩ እስኪሰማ ነው የምትጮኸው። እኔ ያንን ጩኸት ከቤቴ አላስወጣም።

ከሆስፒታልም እንዳትወጪ። ብትመጪ በር አልከፍትልሽም።

ሳፍታ


የተራራው ሆስፒታል
ኦክቶበር 31 ቀን 2003

የእኔ እናት፣

አልወጣሁም። ሻንጣዬን ግን ጠቅልዬ ነበር። ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ "አሁን ካቋረጥሽው በሽታው መድኃኒቱን ይለምደውና ሁለተኛ ክኒኑ አይሠራልሽም፤ ያኔ ልጅሽ ጭራሽ እናት አይኖራትም" አለችኝ። ሻንጣውን ፈታሁት። ከዚያ ደብዳቤዎ ደረሰ።

ስለ ልጅነትዎ አላውቅም ነበር። ብዙ ነገር አሁን ገባኝ፤ ለምን ናርቺሳ ስታለቅስ ሮጠው እንደሚመጡ፣ ለምን "ይተዉዋት፣ ታልቅስ" ያልኩ ቀን ሳምንት እንዳኮረፉኝ። አቅፌዎት ብሆን ደስ ባለኝ። እዚህ ማቀፍ አይፈቀድም።

የጠየቁኝን ግን ልመልስ። ልጅቷን የሚይዝ ሰው አለ። እባክዎን ወረቀቱን ሳይቀድዱ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። እትዬ ታንጻ ናቸው።

ምላሳቸው ስለታም ነው፤ አውቃለሁ። ግን የያዙትን የማይለቁ ሴት ናቸው፤ ከእርስዎ ጋር የያዙትን ኩርፊያ እንኳ ይኸው አልለቀቁትም። ልጆቻቸውን ሁሉ አሳድገው ጨርሰዋል። ክሊኒኩ ውስጥ የሚሰማቸው ሰው አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ዘመድ ደግሞ በሩቅም የለንም።

በሠርጌ ዕለት የተናገሩትን እርስዎ ለእኔ ብለው ተቀየሙ። እኔ ግን አልተቀየምኩም እማዬ። ደረቴ የወፍ እንደሆነ ቀድሜ አውቅ ነበር። ያን ዕለት ያየኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ቀሚሱን ነበር የሚያየው።

ይሂዱና ይንገሯቸው። ሳህናችንን ለውሻ ይስጡት፣ ግድ የለኝም። ኩራትዎን ከልጄ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አያስቀምጡብኝ።

ዛምቢላ


ብራይላ
ኖቬምበር 12 ቀን 2003

ለልጄ ለዛምቢላ፣

ወረቀቱን ቀድጄው ነበር። ከዚያ በሙጫ አጣበቅኩት።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ፣ አታቋርጪኝ። ታንጻ ግቢ ሴቶቹ ተሰብስበው ለክረምት ጥቅል ጎመን በበርሜል ይከቱ ነበር። የአጥሩን በር ከፍቼ ገባሁ፤ ከሠርግሽ ወዲህ ግቢዋን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሻርፔን አፌ ላይ አድርጌ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሁሉም እጃቸውን ከጎመኑ ላይ አነሱ። ታንጻ ብቻ ዞር ሳትል ጎመኗን እየሰነጠቀች "ምን ጎደለሽ? ጨው ነው?" አለችኝ።

"ዛምቢላ ስፔን አይደለችም" አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። "ሳንባ ነቀርሳ ይዟት ተራራው ሆስፒታል ተኝታለች። ልጄ ናት፤ የሚጸየፋት ካለ እኔንም ይጸየፈኝ። እኔንም ሳይዘኝ አልቀረም። ልጅቷ ደግሞ ከሁለታችን መሀል ናት።"

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታንጻ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ይኼንን ልትነግሪን ነው ጎመን እስኪደርስ የጠበቅሽው?" አለች።

"ታውቂ ነበር?"

"የተራራው አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር ዓይኔ አይቷታል። ስፔን በየት በኩል እንደሆነ ባላውቅም በዚያ በኩል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቃለን።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ ደብዳቤ አንብቢልን የምትሉኝ ልትሳለቁብኝ ነዋ!"

"አንቺ ሞኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። "ፊትሽን ለማየት ነው! እንዴት ናት ብለን እንዳንጠይቅሽ ስፔን ናት ብለሻል። ቀና ብለሽ ያነበብሽልን ቀን ተሽሏታል ብለን ደስ ብሎን እንገባለን። ያ ብርቱካን ላይ ድምፅሽ የተሰበረ ቀን ሻማ እናበራላታለን። ሌላ ከምን እንወቅ?"

ልጄ፣ እዚያው በርሜሉ ጎን ቁጭ አልኩ። ሴቶቹም ተራ በተራ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሽንኩርት እንኳ አልነበረም። ታንጻ ግን አላለቀሰችም። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት ያዝ አድርጋ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች። "አታዋርዱኝ እንዳትይ ዝም አልን፤ አንቺን ስናከብር ልጅቷን ረሳናት። እኔ ደግሞ ይኼንን ያንጠለጠሉልኝ ለጌጥ አልነበረም።" ያኔ የአንጥረኛው ሚስት ከኋላ ሆና "እኔም እኮ ከፋሲካ ወዲህ እስላለሁ፤ ምድጃው ጭስ ነው እያልኩ..." አለች። "ጭሱ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይከተልሻል ወይ?" አለቻት ታንጻ። "አንቺም ነገ ትመጫለሽ። ሁላችሁም ትመጣላችሁ።"

በማግስቱ በትራሙ ሄድን፤ ሰፈሩ በሙሉ የወጣ ነው የሚመስለው። ሾፌሩ "ሠርግ አለ እንዴ?" ሲል ታንጻ "አዎ፣ አንተም ና፣ ደረትህን እናይልሃለን" አለችው። መስኮቱ ላይ ያቺው ልጅ አለች። "የጡብ ሰፈሮች በረንዳው ላይ..." ብላ ስትጀምር ታንጻ "በረንዳው ብርድ ነው የእኔ ቆንጆ" አለችና በሩን ከፍታ ሁላችንንም ወደ ውስጥ ነዳችን። ልጅቷም ቀና ብላ አላየችም፤ ስም መጻፍ ጀመረች።

አሁን የምትፈልጊውን። የናርቺሳን ክንድ ወግተዋት ከቀናት በኋላ ያበጠ ቦታ ሲለኩ ትልቅ ሆኖ ተገኘ፤ ይኼ ማለት ተጋልጣለች ማለት ነው አሉ። ደረቷ ግን ንጹሕ ነው። ሰምተሽኛል? ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ አሳይቶኛል፤ አላምንም ብዬ ደጋግሞ እንዲያሳየኝ አደረግኩት። ያንን መከላከያ ክኒን በየጠዋቱ ታንጻ በማር እየፈጨች ትሰጣታለች።

የእኔ አክታ ጥሩ አይደለም። ሰኞ አንቺ ጋ ይልኩኛል።

ልጅቷ ታንጻ ቤት ትሆናለች። ጎረቤት ይፈራ እንደሆነ ብዬ ስጨነቅ "ትንሽ ልጅ አታስተላልፍም፤ ሥልጠና ላይ ነግረውናል" ብላ ለሁሉም ነገረች። "የመንግሥት ሰዎች ቢመጡስ?" አልኳት። "በእኔ በር? ይሞክሯታ!" አለች። ስትናገር ፊቷን አየሁት። አመንኳት።

አማትሽ ሳፍታ


ብራይላ፣ ጡብ ሰፈር
ዲሴምበር 7 ቀን 2003

የማከብርዎት እማዬ፣

እጅዎን እስማለሁ። ይኸው ቦታ ተለዋወጥን፤ እርስዎ ከተራራው፣ እኔ ከቤት። ስወጣ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ ጭምብልዎን አድርገው ዓይንዎን ብቻ ነው ያየሁት። ነርሷ "አትነካኩ" ስትል ከመቼው እንዲህ ታዛዥ ሆኑ ብዬ ተገርሜ ነበር፤ ለካ ከተነካካን ሁለታችንም እንደማንንቀሳቀስ አውቀው ነው።

አክታዬ ንጹሕ ስለሆነ ነው የለቀቁኝ። ክኒኑን አሁንም እትዬ ታንጻ ፊት ቆሜ እውጣለሁ፤ እሳቸውም አፍሽን ክፈቺ ብለው ያዩኛል። የአንጥረኛው ሚስት ሕክምና ጀምራለች። ውኃ ቧንቧው ጋ ስወርድ ሰው ሁሉ "ሳፍታ እንዴት ናት? ሳሉ ቀለለላት?" ይለኛል፤ በስሙ፣ በግልጥ።

ከተራራው በላኩልኝ ደብዳቤ ናርቺሳ አውቃሻለች ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ያስደሰተኝን ብቻ ልጽፍልዎት ነበር፤ ግን መደባበቅ ይብቃን።

አላወቀችኝም። ስገባ እትዬ ታንጻ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ለምሳ ስጠራት መጣች፣ በላች፣ "አመሰግናለሁ" ብላ እንደ እንግዳ ወደ እትዬ ታንጻ ቤት ተመልሳ ሄደች። ቅር አለኝ። ምድጃው ጎን ተቀምጬ አለቀስኩ። እትዬ ታንጻ "ጊዜ ስጪያት፣ አንቺ ነሽ የሄድሽባት" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው።

ትናንት የቅዱስ ኒኮላስ ዕለት እንደ ልማዱ ጫማዋ ውስጥ ያስቀመጥንላትን ከረሜላ አግኝታ፣ እየበላች ቤታችን መጣች። አልጋዎን አየችው። "አያቴስ?" አለችኝ። ራሷ መለሰችው፦ "እንደ አባዬ ስፔን ሄደች?"

አፌ "አዎ" ሊል ደርሶ ነበር እማዬ። ለልጅ ይቀላል ብዬ። ግን ፊቷን ሳይ ገባኝ። ለእሷ ስፔን አገር አይደለም። ስፔን ማለት ሰው ገብቶ የማይወጣበት ቦታ ነው። አባቷ ገባ፣ ከዚያ እኔ ገባሁ፣ አሁን ደግሞ አያቷ። ሳትጮኽ ነበር የጠየቀችኝ። እርስዎ የነገሩኝ ዓይነት ዝምታ ነበር፤ ያንን ሳይ ነው የደነገጥኩት።

"ስፔን አይደለችም" አልኳት። "ደረቷን ታማለች። እኔ የነበርኩበት ሆስፒታል ናት።"

"አንቺ ስፔን አልነበርሽም?"

"አልነበርኩም። ደረቴን ታምሜ ነበር።"

ከረሜላዋን ከአፏ አውጥታ አሰበች። "እዚያ የሄደ ሰው ይመጣል?"

"እኔ መጣሁ አይደል?"

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ቀረብ ብላ በዚያ በሚያጣብቅ እጇ ፊቴን ዳሰሰችው፤ ጉንጬን፣ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን። "መጣሽ" አለች። ከዚያ እማዬ፣ አለቀሰች። ሰፈሩ እስኪሰማ ነው የጮኸችው። ለጠፋሁባት ወራት ሁሉ ያለቀሰችልኝ ይመስለኛል። እኔም አቅፌያት፣ ትጩኽ፣ ጎረቤቱ ይስማ ብዬ ተቀመጥኩ።

ክኒኑ ያቅለሸልሻል ብለው ጽፈውልኛል። አውቀዋለሁ። ከቁርስ በኋላ ጥቂት ይራመዱ፤ ያልፋል። እንዳይተፉት ብቻ፤ ለልጅቷ እዚያ የሄደ ሰው ይመጣል ያልኳት በእርስዎ ስም ነው።

ልጅዎ ዛምቢላ